ስንት ያቀርባል?

ዓለም ባንክ ውስጥ ካሜራ አንጠልጥሎ የሚያልፍ ሰው ከአንድ ጥያቄ አያመልጥም። ታክሲ ተራ የቆሙት ጎረምሶች፣ ሱቅ ደጃፍ የተቀመጡት ጎልማሶች፣ የጀበና ቡና የምታፈላዋ ልጅ ሳትቀር ዓይናቸው መጀመሪያ የሚያርፈው ሌንሱ ላይ ነው። ርዝመቱን በዓይን ለክተው ሲጨርሱ፣ «ስንት ያቀርባል?» ይላሉ።

«ስንት ብርሃን ያስገባል?» ያለኝ ሰው ግን የለም። የሁሉም ምኞት ማቅረብ ነው። ከተቻለም ቤተል ላይ ቆሞ አየር ጤና ማን ከማን ጋር ማኪያቶ እንደሚጠጣ ማየት። ሌንስ የሚባለውን ነገር የፈለሰፉት ሐሜተኞች ሳይሆኑ አይቀሩም።

ፀሐይ ባለበት ጥያቄው ማንንም አይጎዳም። ጥምቀት ሲሆን፣ ሜዳ ላይ ኳስ ሲኖር፣ ሙሽሮች መናፈሻ ሲገቡ ሁሉም ሌንስ ጨዋ ነው። የሌንስ ገመና የሚወጣው ጣሪያ ስር ሲገባ ነው።

ጣሪያ ስር መግባት ደግሞ አልቀረልንም። ሰፈሩ ልጅ በልጅ ሆነ፤ ሜዳው ቤት በቤት ሆነ። ኳስ ይራገጥበት የነበረው ባዶ ቦታ በቆርቆሮ ታጠረ፣ ከዚያ ፎቅ በቀለበት፣ ልጆቹም ኳሳቸውን ትተው ወደ አዳራሽ ገቡ። አዳራሽ ውስጥ ደግሞ የሚያዋጣው ቴኳንዶ ነው። ብዙ ቦታ አይፈልግም፣ መስኮት አይሰብርም፣ ወላጅም «ልጄ ዲሲፕሊን ይማራል» ብሎ ይጽናናል።

የእህቴ ልጅም ገባ። ሰለሞን ቱፋ በቶኪዮው ኦሊምፒክ በ58 ኪሎ ግራም ኢትዮጵያን ወክሎ መጋጠሙን ከሰማ ወዲህ የእነ እህቴ ግቢ የብረት በር ሰላም አጥቷል። ዲሲፕሊኑ እስኪመጣ በሩ ይመታል።

አዳራሹ ቀን ስብሰባ፣ ቅዳሜ ሠርግ፣ ማታ ቴኳንዶ ያስተናግዳል። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ብርሃን ያስገባ ተብሎ መሐል ላይ የተገጠመው የፕላስቲክ ቆርቆሮ አቧራ ጠግቦ ሥራውን ከተወ ቆይቷል። ከተሰቀሉት መብራቶች ግማሾቹ ጡረታ ወጥተዋል፤ የቀሩትም አንዱ ቢጫ፣ አንዱ አረንጓዴ ቀመስ፣ አንዱ ደግሞ የሚበራው ሲያሻው ነው። ልጅ እዚያ መሐል ሲቆም ግራ ጉንጩና ቀኝ ጉንጩ የአንድ እናት ልጆች አይመስሉም።

እህቴ አንድ ማታ ስልኳን አቀበለችኝ። «ወንድሜ፣ እስቲ እየው፤ ይኼ ሁሉ ውድድር ተካሂዶ አንድ ደህና ፎቶ የለኝም።» አየሁት። ነጭ ነገር አለ፤ ቢጫ ቀበቶ ሊሆን የሚችል ነገር አለ፤ እግር ሊሆን የሚችለው ደግሞ ከሁለቱም ሸሽቷል።

«እዚህ ላይ ያሸነፈው እሱ ነው» አለችኝ በኩራት።

«የትኛው እሱ?»

ተቆጣች። ከቁጣዋ ስትበርድ፣ «ለማንኛውም ካሜራ ልገዛ ነው። አንተ ሥራህ ስለሆነ ንገረኝ፤ ስንት የሚያቀርብ ልግዛ?» አለችኝ። ይኸውላችሁ፤ ከአንድ ማሕፀን ወጥተንም ከጥያቄው አልተረፍኩም።

እህቴን በዚህ የመረዛት ሰው አለ። የሰፈራችን ፎቶ አንሺ ነው፤ ሠርግና ምርቃት የሚያነሳ ትጉ ልጅ። እኛ ባለ ነጩ ሌንስ እንለዋለን። ሌንሱ 70-200 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 2.8 የሆነው የድሮው የካነን ነው። 1,490 ግራም ይመዝናል። አንድ ኪሎ ተኩል ማለት ነው፤ ካሜራው ሳይጨመርበት።

የነጭነቱ ነገር የራሱ ታሪክ አለው። ካነን ትልልቅ ሌንሶቹን ነጭ የሚቀባው ፀሐይ ሲያቃጥል ውስጣቸው እንዳይግል ነው። በእኛ አዳራሽ የሚያሰጋው ነገር ብዙ ነው፤ የፀሐይ ቃጠሎ ግን ከመካከሉ የለም። ቢሆንም ነጩ ቀለም ሌላ ጥቅም ሰጥቷል። ሕዝብ መንገድ ይለቅለታል። ማስተሩ ራሱ ሥልጠናውን አቁሞ፣ «አሳልፉት፣ ዕቃ ይዟል!» ይላል። ወንበር የሚመጣለትም እሱ ነው።

ከወንበሩ በኋላ ያለው ግን ያሳዝናል። የቴኳንዶ መጋጠሚያ 8 ሜትር በ8 ሜትር ነው። በእኛ አዳራሽ ተመልካቹ ጫፉ ላይ ነው የሚቀመጠው፤ ተጋጣሚው አንዳንዴ ጭንህ ላይ ይወድቃል። እንዲህ የቀረበ ሰው በ200 ሚሊ ሜትር ሲታይ ወደ ፍሬሙ የሚገባው አፍንጫው ብቻ ነው። ስለዚህ ፎቶ አንሺው ያፈገፍጋል። ግድግዳ ይቀበለዋል። ከግድግዳ ወደ በር ይሄዳል፤ በሩ ላይ፣ አንድ እግሩ ውጭ አንድ እግሩ ውስጥ ሆኖ ያነሳል። ለማቅረብ ብሎ መራቅ ማለት ይኼ ነው።

ክብደቱም አለ። በመጀመሪያው ግጥሚያ ካሜራው ዓይኑ ላይ ነው። ትንሽ ቆይቶ ደረቱ ላይ ይወርዳል። ፍጻሜው ሲደርስ፣ ማለትም እናቶች እልል የሚሉበት ፎቶ ሲፈለግ፣ ጉልበቱ ላይ ተኝቷል። ወደ ቤት ሲሄድ ደግሞ ታክሲ ረዳቱ ቦርሳውን አይቶ፣ «ወንድም፣ የዚህኛውስ ሒሳብ?» ይለዋል።

በሐቅ ከተነጋገርን ሌንሱ ጥፋት የለበትም። ቅርጫት ኳስ ቢሆን ሜዳው 28 ሜትር በ15 ሜትር ነው፤ አራት ኪሎ ካለው የወጣቶች የስፖርት ማዕከል በመሰለ ሰፊ ቦታ፣ ከማዶኛው ቅርጫት ስር ያለውን ለማንሳት 70-200 ያለ ቦታው አልገባም ይባላል። ሌንስ የሚመረጠው በሜዳው ልክ ነው። ባለ ነጩ ሌንስ ግን ሜዳውን በሌንሱ ልክ ማድረግ ነው የፈለገው፤ አዳራሹ እምቢ አለው።

ወደ እህቴ ልመለስ። የመጀመሪያው ችግር ቁጥሩ ነው። ኤፍ የሚባለው ቁጥር ሲያንስ የሌንሱ ቀዳዳ ይሰፋል፤ ሲበዛ ይጠባል። ይኼ ነገር ለአገራችን ሰው አይዋጥለትም። ገንዘቡ በጨመረ ቁጥር ቁጥሩ የሚቀንስ ዕቃ ገዝቶ አያውቅም። «ባለ 5.6ቱ እያለ ለ1.8 ይኼን ያህል ልክፈል?» አለችኝ፤ ልትታለል መሆኑን ጠርጥራ።

ሒሳቡን በወረቀት አሳየኋት። በእኛ አዳራሽ ብርሃን፣ አይ ኤስ ኦ የሚባለው (በኋላ እመጣበታለሁ) 6400 ላይ ሆኖ ኤፍ 2.8 ሌንስ የሰከንድ 500ኛ ክፋይ ፍጥነት ቢሰጥ፣ ከካሜራ ጋር አብሮት የሚሸጠው 18-55 ሌንስ ሲያቀርብ ኤፍ 5.6 ላይ ይጠብብና ወደ 125ኛ ይወርዳል። በ125ኛ የቆመ ልጅ ይነሳል፤ የሚራገጥ ልጅ እግሩ ይጠፋል። ኤፍ 1.8 ግን ከ1000ኛ በላይ ይወጣል። ያኔ እግሩ ከነጣቱ አየር ላይ ይቆማል። ከኤፍ 5.6 ይልቅ ኤፍ 1.8 ወደ አሥር እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል።

«አሥር እጥፍ?» አለች። አሥር እጥፍ የሚል ቃል እህቴ ጆሮ ላይ ሁልጊዜ ይሠራል።

እዚህ ላይ የምትታየው 50 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 1.8 የምትባለዋ ትንሿ ሌንስ ናት። የካነኗ 160 ግራም ብቻ ናት፤ ኪስ ትገባለች። ሰው ሲያያት ይስቃል፤ ረዳት ሒሳብ አይጠይቅባትም፤ ማስተር «አሳልፉት» አይልላትም። ግን ቅል ባገሩ ድንጋይ ይሰብራል። በጨለማ አዳራሽ፣ በቅርብ ርቀት፣ አገሯ ነው።

ዋጋ ደግሞ አለ። ብር በገበያ ዋጋ ይወሰን ከተባለበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ነገሩ ሁሉ ተቀይሯል። ያኔ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ፤ ሌንስም አብሮ አለፈ። ከዚያ በፊት «ዘንድሮ ሳይሆን ለከርሞ እገዛታለሁ» ያሏት ሁሉ ዛሬ ስልካቸው ላይ ፎቶዋን ከፍተው ያይዋታል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ሰፈራችን ስሙን የወረሰው በዓለም ባንክ ገንዘብ ከተሠሩት ቤቶች ነው። ስሙን ብቻ ሰምቶ የሚመጣ ዘመድ ብድር በየቤቱ የሚገኝ ይመስለዋል። ታክሲው በቀን ሺህ ጊዜ «ዓለም ባንክ! ዓለም ባንክ!» እያለ ይጠራናል፤ የሌንስ ብድር ሊሰጠን የመጣ ግን የለም። እህቴ ያሰበችው እቁቧን ነው። እቁብ ደግሞ ለ400 ሚሊ ሜትር አይደርስም።

«ታዲያ ብከራይስ?» አለች። ኪራይማ አለ። አንድ የማውቀው ልጅ ለውድድር ቀን ሌንስ ተከራየ፤ መታወቂያ አስያዘ፣ ዋስ ጠራ፣ ሌንሱን እንደ አደራ ዕቃ አቅፎ አዳራሽ ደረሰ። የመክፈቻው ንግግር እንዳለቀ መብራት ሄደ። ውድድሩ ለሌላ ቀን ተላለፈ፤ አከራዩ ግን ጨለማውን ከሒሳቡ ላይ አልቀነሰም። የሰው ወርቅ አያደምቅ ያሉት አባቶች ወርቅ ብቻ አይደለም ያዩት።

አሁን አይ ኤስ ኦ ስለሚባለው ነገር ላውጋችሁ። ብርሃን ሲያንስ ካሜራው ላይ የሚጨመረው እሱ ነው፤ እንግዳ ሲበዛ ሹሮው ላይ የሚጨመረው ውሃ ማለት ነው። ለሁሉም ይደርሳል፣ ግን ይቀጥናል። 1600 ላይ ማንም አያውቅብህም። 6400 ላይ ጣዕም የሚያውቅ ሰው ይጠረጥራል። 25600 ላይ ሹሮው ውስጥ ሹሮ አይገኝም።

እንዲያም ሆኖ መጨመር ነው። ፎቶው አሸዋ የበተኑበት ቢመስልም የልጁ ፊት ይታወቃል፤ ፍጥነቱ አንሶ የተንቀጠቀጠ ፎቶ ግን እናትም አትለየውም። የቸገረው እርጉዝ ያገባል። አሸዋን በኋላ በኮምፒዩተር ማቅለል ይቻላል፤ የጠፋን እግር የሚመልስ ሐኪም ግን የለም።

ጎረቤታችን እማማ ይኼ ሁሉ ምርምር አያስፈልጋቸውም። የልጅ ልጃቸው ሲገባ ስልካቸውን ያነሳሉ፣ ፍላሹን ያበራሉ። የስልክ ፍላሽ ከጥቂት ሜትር አያልፍም። ስለዚህ የሚበራው ከፊታቸው የተቀመጡት ሰውዬ መላጣ ነው። የእማማ ስልክ ውስጥ የዚያ መላጣ ፎቶ ከየአቅጣጫው ተሰብስቧል፤ ከጀርባው ጨለማ ውስጥ ስፖርት እየተካሄደ ነው።

«እማማ፣ ፍላሹን ያጥፉት እንጂ፤ የልጆቹን ዓይን ይወጋል» አልኳቸው።

«እንግዲህ ጨለማ ነው ትላላችሁ፣ መብራት ሳበራ ደግሞ አጥፊ ትላላችሁ። ምን ይሻላል ልጄ?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። በጂምናስቲክ ውድድሮች ፍላሽ ክልክል መሆኑን ልነግራቸው አሰብኩና ተውኩት፤ ጂምናስቲክ ምን እንደሆነ ማስረዳት ሊከተል ነው።

መብራቶቹም የራሳቸው ተንኮል አላቸው። የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ነው። ስለዚህ ፍሎረሰንት መብራት በሰከንድ 100 ጊዜ ይፈካል፣ 100 ጊዜ ይፈዝዛል። ዓይናችን አያየውም። በ1000ኛ ሰከንድ የሚያነሳ ካሜራ ግን ያየዋል። በተከታታይ ሲነሳ አንዱ ፎቶ ብሩህ፣ ቀጣዩ ጭልም ያለ፣ ሦስተኛው ቢጫ ይሆናል። በስልክ ሲሆን ደግሞ በልጁ ነጭ ልብስ ላይ ጥላ ሰረዝ ሰረዝ እያለ ይወርዳል። ወላጆች ልብሱ አልነጣም ብለው ኦሞ የቀየሩ አሉ።

መፍትሔው እ.ኤ.አ. በ2014 ካነን 7ዲ ማርክ 2 በተባለው ካሜራው ላይ ይዞት ብቅ ያለው ዘዴ ነው፤ ካሜራው መብራቱ የሚፈካበትን ቅጽበት ጠብቆ ያነሳል። ከዚያ ወዲህ በብዙ ካሜራዎች ላይ አለ። ስለዚህ ያገለገለ ካሜራ የሚገዛ ሰው ስለ ሜጋ ፒክስል ከመከራከር ይልቅ ሻጩን ስለዚህ ቢጠይቅ ይሻለዋል። ሻጩ ግን መልሶ የሚነግረው ስንት እንደሚያቀርብ ነው።

በመጨረሻ እህቴ የገዛችው ያገለገለ ካነን 80ዲ ከ85 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 1.8 ሌንስ ጋር ነው። ካሜራው 730 ግራም፣ ሌንሱ 425 ግራም። ተደምረው 1,155 ግራም፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሆነው ከነጩ ሌንስ ብቻውን ያንሳሉ። ትርፍ ባትሪ በቦርሳ፣ ሌላ ምንም። ካሜራውን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ በእጇ የልጁን ውሃና ጃኬት ትይዛለች። እናት የምትይዘው ዕቃ ይኼን መቻል አለበት፤ ማንም የካሜራ ፋብሪካ በማስታወቂያው ላይ ባይጽፈውም።

ሰፊ ቀዳዳ ግን ዕዳም አለው። ኤፍ 1.8 ላይ፣ አምስት ሜትር ርቀት፣ ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት ከስንዝር ብዙም አይበልጥም። የአንዱ ተጋጣሚ ዓይን ጠርቶ የሌላው ጆሮ ይደበዝዛል። እህቴ በዚህ ቅር አላላትም። የሚጠራው የማን እንደሆነ ታውቃለች። ቅር ያለው የሌላኛው ልጅ አባት ነው፤ «የእኔን ልጅ ሆነ ብላ አደበዘዘችው» ብሎ ለማስተሩ አመለከተ።

ይኼን ስሰማ የቤልግሬዱ የዓለም የቤት ውስጥ አትሌቲክስ ሻምፒዮና ትዝ አለኝ። መጋቢት 2014 ላይ ኢትዮጵያ በ4 ወርቅ፣ በ3 ብርና በ2 ነሐስ ከዓለም አንደኛ የወጣችበት ነው። በሴቶች 1500 ሜትር ጉዳፍ ፀጋይ፣ አክሱማዊት እምባዬና ሂሩት መሸሻ ወርቁን፣ ብሩንና ነሐሱን ተከፋፈሉት። እስቲ የመጨረሻው መስመር ላይ የቆመውን ፎቶ አንሺ አስቡት፤ ሦስቱም ኢትዮጵያውያን፣ ሌንሱ በሰፊው የተከፈተ፣ ጥርት የሚለው የአንዷ ፊት ብቻ። በእኛ አዳራሽ ቢሆን ሽማግሌ ያስቀምጥ ነበር።

የሚገርመው ደግሞ ሌላ ነው። እንጦጦና ሱሉልታ፣ ሰማይ ስር ሲሮጡ የከረሙ ልጆች ናቸው ጣሪያ ስር ገብተው ዓለምን ያስጨነቁት። ገንዘቤ ዲባባ በጥርና የካቲት 2006፣ ካርልስሩኸ፣ ስቶክሆልምና በርሚንግሃም ላይ፣ በሁለት ሳምንት ገደማ ውስጥ የ1500ን፣ የ3000ንና የሁለት ማይልን ምርጥ የቤት ውስጥ ሰዓት ሰበረች። ሳሙኤል ተፈራ በ2011 በርሚንግሃም ላይ 1500 ሜትርን በ3:31.04 ገባ። እነዚያ አዳራሾች የመርፌ ቀዳዳ እስኪታይ የበሩ ናቸው። ፎቶዎቻቸው ሲያምሩ አይታችሁ «ካሜራው ምንድነው?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ፣ ጣሪያውን ማየት ረስታችኋል።

ጣሪያ ካልኩ አንድ አሜሪካዊ ላምጣ። ግንቦት 1957፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ1965፣ ሜይን ግዛት ውስጥ ልዊስተን በምትባል ትንሽ ከተማ መሐመድ አሊና ሶኒ ሊስተን ሁለተኛ ግጥሚያቸውን አደረጉ። ቦታው የከተማዋ ወጣቶች የበረዶ ሆኪ የሚጫወቱበት አዳራሽ ነበር። ኒል ላይፈር የተባለ የ22 ዓመት ፎቶ አንሺ ሪንጉ ጥግ ተቀመጠ። አሊ በመጀመሪያው ዙር ሊስተንን ዘረረው፤ በላዩ ላይ ቆሞ ክንዱን አጥፎ «ተነስ!» እያለ ሲጮህ ላይፈር አነሳው። ከስፖርት ፎቶዎች ሁሉ እጅግ ከታወቁት አንዱ ሆነ።

ካሜራው ሮሊፍሌክስ ነበር። ሌንሱ የማይነቀል፣ የማያቀርብ፣ በአንድ ፊልም 12 ፎቶ ብቻ የሚያነሳ። ዓለም ባንክ ታክሲ ተራ ይዞት ቢያልፍ ማንም ቀና ብሎ አያየውም። በዚያው ፎቶ ላይ በአሊ እግሮች መካከል አሻግሮ የሚታይ አንድ ሰው አለ፤ ኸርብ ሻርፍማን ይባላል፣ ላይፈርን በዕድሜም በልምድም የሚበልጥ የሥራ ባልደረባው። እሱም ካሜራ ነበረው። የደረሰው ግን የአሊ ጀርባ ነው።

ሰው ይህን ታሪክ ሲያወራ ስለ ዕድልና ስለ አቀማመጥ ነው የሚያወራው። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። ላይፈር ከውድድሩ በፊት ከሪንጉ በላይ ትልልቅ ፍላሽ መብራቶች አሰቅሎ ነበር። መብራቶቹ አንዴ ከበሩ በኋላ እንደገና እስኪሞሉ መጠበቅ ስለነበረበት ለዚያ ቅጽበት አንድ ዕድል ብቻ ነበረው። ጨለማውን ለማሸነፍ የገዛው ትልቅ ሌንስ አይደለም። ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ፤ መሰላል አስመጣ።

አንድ ዕድል ላለው ሰው ደግሞ ጨዋታውን ማወቅ ግዴታ ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም። ቴኳንዶ የሚያውቅ ሰው ልጁ ከመዝለሉ በፊት ዳሌው ዞር እንደሚል ያውቃል። የዘለለም ሁሉ ጫፍ ላይ ሲደርስ፣ መውጣቱን ጨርሶ መውረዱን ሳይጀምር፣ ለቅጽበት ይቆማል። ያን ቅጽበት የሚጠብቅ ሰው 250ኛ ሰከንድም ይበቃዋል። እህቴ ይህን ከማንም ሳይነገራት ነው የደረሰችበት፤ የልጁን እግር ከበሩ ላይ ስትከላከል የኖረች ሴት መቼ እንደሚነሳ ከማስተሩ በላይ ታውቃለች።

የመሰላሉን ነገር ግን አልተውኩትም። አንድ እሑድ የወላጆች ስብሰባ ላይ ተነስቼ፣ «ለየራሳችን ሌንስና ስልክ ከምንገዛ ለአዳራሹ አምፖል ብንገዛስ?» አልኩ። መብራቱን እጥፍ ማድረግ ማለት ኤፍ 2.8 ሌንስን ኤፍ 2 እንደ ማድረግ መሆኑን፣ እሱም ለአንድ ሰው ሳይሆን እዚያ ላለ ስልክ ሁሉ መሆኑን አስረዳሁ።

«ለፎቶ ብለን መዋጮ?» አለ አንድ አባት። ልጁ የደበዘዘበት ሰውዬ ነው።

ያዳነኝ ማስተሩ ነው። «የፎቶውን ተዉት፤ ልጆቹ እኮ የሚመቱትን አያዩም። ባለፈው የተመታሁት እኔ ነኝ» አለ። መዋጮው በዚያው ጸደቀ።

አምፖሎቹ ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ሁሉም ነጭ እንዲሆኑ ተስማማን፤ ፕላስቲክ ቆርቆሮውም ታጠበ። የወጣው ገንዘብ ከነጩ ሌንስ ዋጋ ጋር አይተያይም። ለውጡን ግን መጥቶ ማየት ነው። የልጆቹ ሁለት ጉንጮች ታረቁ። የእህቴ አይ ኤስ ኦ በግማሽ ወረደ። እማማ ፍላሽ ማብራት ተዉ፤ ከፊታቸው የሚቀመጡት ሰውዬ ግን ከለመዱት የተነሳ አሁንም ፎቶ ሲነሳ አንገታቸውን ያስተካክላሉ።

ከሁሉም በላይ የተጠቀመው ባለ ነጩ ሌንስ ነው። ፎቶዎቹ ጠሩ፤ በር ላይ ቆሞ ያነሳቸውም ሳይቀሩ። በሳምንቱ ዋጋ ጨመረ።

«ምነው?» አልኩት።

«ጋሼ፣ ጥራታችን ጨምሯል እኮ!» አለኝ።

መዋጮውን ገና አልከፈለም።